የቡሄ ሰሞን በጎንደር ዳቦ ቤቶች

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7

ፍራንክፈርት ከገባሁ ጀምሮ ሰፈር የምለምደው በዳቦ ቤት ነው። ጀርመን ውስጥ ጎረቤት ስምሽን እስኪያውቅ ወራት ይፈጃል። ዳቦ ሻጯ ግን ቶሎ ትለምድሻለች። ጥቂት ጠዋት ከተመላለስሽ የምትወጂውን ዳቦ ሳትጠይቂ ታነሳልሻለች። ቋንቋው ገና ሲያንተባትብሽ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እሑድ ሱቁ ሁሉ ጥርቅም ሲል እንኳ ብዙ ዳቦ ቤቶች ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ይከፍታሉ። ሰው ተሰልፎ ስለ አየሩም ስለ ኳሱም ያወራል። በእርሾ የሚቦካው ጥቁር ዳቧቸው ደግሞ ኮምጠጥ ይላል። እንጀራ ሲናፍቀኝ ብዙ ጊዜ ያስታገሰኝ እሱ ነው።

ዘንድሮ ጎንደር የመጣሁት ከተማዬንም እንዲሁ በዳቦ ቤቶቿ በኩል ላያት ፈልጌ ነው። ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት። ዳቦ ቤቶቿን ግን በደንብ አላውቃቸውም። የእኛ ቤት ዳቦ የሚጋገርበት ቤት ነበር። የሱቅ ዳቦ የሚገዛው እንግዳ በድንገት ሲመጣ ብቻ ነው። ጊዜውንም መርጫለሁ። ቡሄ የዳቦ በዓል ነው።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ዝናቡ ይወርዳል። አክስቴ ሻንጣዬን ሳልከፍት "ስንዴ ሳይወደድ ገበያ እንውረድ" አለችኝ። ወደ ቅዳሜ ገበያ ወረድን። መሬቱ ጭቃ ነው። ሻጮቹ ጆንያቸውን ላስቲክ አልብሰው ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁሉም "የወገራ ነው" ይላሉ። ወገራ በደባርቅ መንገድ ያለው ደጋ ነው፤ ስንዴና ገብሱ የታወቀ ነው። አክስቴ ግን በአፍ ቃል አትገዛም። አንድ እፍኝ ታነሳና እፍ ትልበታለች። ከመዳፏ አንዲት ፍሬ መርጣ በፊት ጥርሷ ትሰብራታለች። ቀጭ ካለች ደረቅ ናት፣ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ለስለስ ካለች ዝናብ ነክቷታል። ብዙ ጆንያ አልፋ አንዱ ላይ ቆመች። ከዚያ የዋጋው ክርክር ተጀመረ። እሱን እሷ ትችልበታለች፣ እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 8

ስንዴው ተለቅሞና ታጥቦ ምድጃው አጠገብ ተሰጥቷል። በክረምት ፀሐይ መጠበቅ አይቻልም። እኔ ፒያሳ ወጣሁ።

ፒያሳ የጣሊያን ሥራ ናት። በ1928 ዓ.ም. ገብተው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ጨምሮ ብዙ ሕንፃ ሠርተዋል። አፄ ፋሲል ከዚያ 300 ዓመት ቀድመው የጀመሩት ግቢ በእግር የደቂቃ መንገድ ነው። ኬክ ቤቶቹ በብዛት ያሉት እዚሁ ፒያሳ ዙሪያ ነው። ቦንቦሊኖው፣ ብስኩቱ፣ ሚልፎኒው መስታወት ውስጥ ተደርድሯል።

ፍልሰታ ስለሆነ የኬኩ መደርደሪያ ላይ "የጾም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማኪያቶ የሚያዝ ጥቂት ሰው ነው። ሁሉም ሻይ ይዟል። እኔም ሻይና የጾም ኬክ አዘዝኩ። ኬኩ ከውስጥ እርጥብ ነው። ማርማላታው ስስ ነው፣ ዘይቱ አይታወቅም። እንቁላል የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፤ እንዲያም ሆኖ አይፈረፈርም። ፍራንክፈርት ውስጥ እንዲህ ያለ ኬክ እንደ አዲስ ግኝት በውድ ዋጋ ይሸጣል። የኛ ኬክ ጋጋሪዎች ግን በዓመት 180 ቀን ያህል ለሚጾም ሕዝብ ሲሠሩ ኖረዋል። ይህን ሙያ ማንም አንስቶ ሲያመሰግነው አልሰማሁም። ለአስተናጋጇ ጋጋሪውን አመስግኚልኝ አልኳት። ግራ ገባት፣ ግን ሄዳ ነገረችው። አንድ ልጅ ዱቄት የነካ ግንባሩን ከጓዳ ብቅ አድርጎ እጁን አወዛወዘልኝ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 9

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ወጣን። እሱ አራዳ አካባቢ ዳቦ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለው፤ አስፈቀደልኝ። መንገዱ ጨለማ ነው። ከሩቅ የሚታየው የዳቦ ቤቱ በር ብቻ ነው።

ውስጡ ጠባብ ነው። ጥግ ላይ ማቡኪያ ማሽን አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። አንዱ ልጅ ሊጥ እየቆረጠ ሚዛን ላይ ይጥላል። ብዙ ጊዜ ሚዛኑን ማየት እንኳ አያስፈልገውም። ሌላው ቁራጩን ተቀብሎ በሁለት እጁ በአንዴ ሁለት ሁለት ያድቦለቡላል። ቀኝ እጁ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ግራው ወደ ግራ። እጁን ሲያነሳ ሁለት እኩል ድቡልቡል ሊጥ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለዋል። ይህን እያደረገ ያወራል፣ ይስቃል፣ ስልኩን በክርኑ ይገፋል።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የነሐሴ ሌሊት ይበርዳል፣ ሊጡም ቶሎ አይነሳም። ስለዚህ ውሃው ሞቅ ተደርጎ ነው የሚቦካው። ትሪዎቹ ምድጃው ጎን ይደረደራሉ፣ ጨርቅ ይለብሳሉ። በየመሃሉ አንዱ ይመጣና ጨርቁን ገልጦ ሊጡን በጣቱ ጫን ያደርጋል። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲሞላ ደርሷል ማለት ነው። ቶሎ ከሞላ ይቀረዋል።

ምድጃው የእንጨት ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ነድዶበት ፍሙ ወደ ጎን ተጠርጓል። ወለሉ በእርጥብ ጆንያ ተወልውሏል። ሠራተኞቹ ጋሼ የሚሉት ሽማግሌ ጋጋሪ ትንሽ ዱቄት ቆንጥረው ወደ ውስጥ በተኑ። አጎንብሰው ተመለከቱ። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ዳቦው ውስጡ ሳይበስል ላዩ ያራል። ቀስ ብሎ ቡኒ ሲሆን "በሉ" አሉ። ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት አካፋ መክተት ጀመሩ።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቀጥ አለ። ማንም አልደነገጠም። አንዱ የስልኩን መብራት አበራ፣ ሁለቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው የቀረውን ሊጥ በእጃቸው ማሸት ጀመሩ። ምድጃው መብራት አይፈልግም።

ጋሼን የት እንደተማሩ ጠየቅኳቸው።

"ልጅ ሆኜ እንጨት ተሸካሚ ሆኜ ነው የገባሁ። አየሁ፣ ለመድኩ። ማን ያስተምራል ልጄ?"

"ምስክር ወረቀት ሰጥቶዎት የሚያውቅ የለም?"

"ዳቦው አለ አይደል?" አሉኝ።

መልሳቸው ልክ ነው። እኔን ግን አላረካኝም። ጀርመን ውስጥ ጋጋሪ ለመሆን ሦስት ዓመት እየሠራህ ትማራለህ፣ ትፈተናለህ። ከዚያ በላይ የሙያው ጌታ የሚያሰኝ ሌላ ደረጃ አለ። ያንን ወረቀት በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ዳቦ ቤቶች አሉ። ደንበኛው ያየዋል። ልጁም አድጌ ጋጋሪ እሆናለሁ ቢል የሚያፍርበት ነገር የለም። ጋሼ የሚያውቁት ከዚያ አያንስም። በዱቄት ቁንጣሪ የምድጃ ሙቀት የሚለካ ሰው ወረቀት ይገባዋል።

11 ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ነጠላቸውን የተከናነቡ ሴቶች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ፌስታል የያዙ ልጆች ቆመዋል። አንዷ "ግራሙ ቀንሷል እኮ" አለች። ሻጩ የዱቄት ዋጋ ነገራት። እሷም ታውቀዋለች፤ ግን መናገር አለባት። ትኩሱን ዳቦ ስቆርሰው ቅርፊቱ ተንጫጫ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 10

የአክስቴ አክንባሎ ተሰንጥቋል። ያለ እሱ ድፎ የለም። ከላይ እሳት የሚሸከመው እሱ ነው። "ወለቃ ሄደሽ አምጪ" አለችኝ።

ወለቃ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላ ሥራው ግን ቀርቷል። መንገድ ዳር ለጎብኚ የሚሆኑ ትንንሽ ምስሎች ተደርድረዋል። ምጣድና ጀበናው ያለው ከኋላ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አክንባሎውን በጣቷ ቋ ቋ አደረገችና ድምፁን አሰማችኝ። የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ የታፈነ ነው አለችኝ። ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ የድሮውን ጠየቅኳቸው። ቤተ እስራኤሎች ለሰንበት የሚሆነውን ዳቦ ዓርብ ጋግረው ይጨርሱ ነበር፤ ሰንበት ከገባች እሳት አይነካም። "ዓርብ ዓርብ መንደሩ ዳቦ ዳቦ ይሸት ነበር" አሉኝ አንዲት እናት። እስራኤል ያሉት አሁንም ለሰንበት ዳቦ ይጋግራሉ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 11

በፍልሰታ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ለማየት ዓለም ይመጣል። እኔ ዛሬ ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቤተ ልሔም የሚባል ትንሽ ቤት አለ። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ከንጹሕ ስንዴ፣ በየዕለቱ ትኩስ፣ በካህናትና በዲያቆናት እጅ። ምእመን አይገባበትም። ከበሩ ውጪ የሚታየው ከጣሪያው የሚወጣ ጭስ ብቻ ነው።

ጎንደር "አርባ አራቱ ታቦት" የሚባልላት ከተማ ናት። እንዲህ ከሆነ በከተማዋ ከሁሉ የቆየው ጋጋሪነት በነዚህ ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ያለው ነው። ከፒያሳ ፉርኖ በፊት፣ ከጣሊያን በፊት። ማንም ስለ ጎንደር ዳቦ ሲያወራ አያነሳቸውም። ቅዱስ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ሰው ከዳቦ ጋር አብሮ መጥራቱን ይፈራል። እኔ ግን ሁለቱን አብሬ ሳስባቸው ክብሩ ወደ ዳቦ ቤቱም የሚተርፍ መሰለኝ።

ማታ ቤት ስደርስ አክስቴ ቡሃቃው ላይ ናት። ክርኗ ድረስ ሊጥ ነው። እርሾው ከጎረቤት የመጣ ነው። ጎረቤቷ ደግሞ ባለፈው ከእሷ ወስዳ ነበር። ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ገባበት። ጾም ስለሆነ በቅቤ ፋንታ የኑግ ዘይት። ከዚያ ቡሃቃው በጋቢ ተጠቅልሎ ምድጃው ጥግ አደረ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 12

ይህ ቀን ለብቻው አንድ ጉዞ ነው።

ድፎው እቤት ይጋገራል። ኮባው እሳት ላይ ጠውለግ ተደርጎ ምጣዱ ላይ ተነጠፈ። ሊጡ ተገለበጠበት፣ በኮባ ተሸፈነ፣ አዲሱ አክንባሎ ተደፋበት። ከሥርም ከላይም እሳት። ትንሽ ቆይቶ የኮባው ሽታ መጣ። ጠጠር ያለ፣ አረንጓዴ፣ ትንሽ ጭስ ያለበት ሽታ። አክስቴ ሰዓት አታይም። ሽታው ሲለወጥ ትነሳለች፣ አክንባሎውን አንስታ ስንደዶ መሃሉ ላይ ትወጋለች። ስንደዶው ሊጥ ይዞ ከወጣ ትመልሰዋለች። ደርቆ ሲወጣ "አበቃ" ትላለች። ለሁለት ተጋግዘን አወጣነው። ኮባው ሲላጥ የቅጠሉ መስመር ዳቦው ጀርባ ላይ ታትሞ ቀርቷል።

ሙልሙሉ ግን ብዙ ነው። ለሠፈሩ ልጅ፣ ለክርስትና ልጅ፣ ለቆሎ ተማሪ፣ ለየአንዳንዱ አንዳንድ። ምጣድ አይበቃውም። ስለዚህ በትሪ ተደርድሮ ዳቦ ቤት ይሄዳል። እኔና የአክስቴ ልጅ ትሪ በራሳችን ተሸክመን ወጣን። ዝናቡ ቆሟል። መንገዱ ላይ ትሪ ያልተሸከመ ሰው ያለ አይመስልም።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ተሰብስቧል። የትሪው ክፍያ ትንሽ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። ትሪ ከትሪ እንዳይቀያየር ሁሉም ምልክት አለው። አንዷ ሊጡ ላይ በቢላ መስቀል አድርጋለች። አንዷ የኮባ ቁራጭ ሰክታለች። አክስቴ በማንኪያ ጫፍ ሁለት ጊዜ ጫን አድርጋለች፤ ድሮም የእሷ ምልክት ይህ ነው። ጋጋሪው እያንዳንዱን ትሪ ሲቀበል ሊጡን ያያል። "ይቺ አልደረሰችም፣ እዚያ ትቆይ" ይላል። "ይቺ አልፋለች፣ ቶሎ ትግባ" ይላል። ሴቶቹ ዝም ብለው አይቀበሉትም።

"እማማ፣ ዳር ላስገባልዎት?"

"ዳሩ ይነዳል። መሃል ነው የእኔ። ሊጤ ወፍራም ነው።"

"እሺ እማማ፣ መሃል።"

አደረገላቸው። እሳቸው ልክ ነበሩ፤ ዳር የገባው ትሪ ጎኑ ጠቁሮ ወጣ። ጋጋሪው ሲያወጣው እማማን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እዚህ ቦታ ላይ ነው የመጣሁበት ነገር ግልጽ የሆነልኝ። በጎንደር ስለ ዳቦ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት እነዚህ የቆሙት ሴቶች ናቸው። ታፔላ የላቸውም። ማንም ጋጋሪ አይላቸውም፤ ጎበዝ የቤት እመቤት ይባላሉ። ድፎውን፣ ህብስቱን፣ አምባሻውን፣ ሙልሙሉን የያዙት እነሱ ናቸው። ዳቦ ቤቱ ደግሞ በአዘቦት ቀን ፉርኖ ዳቦ ብቻ ይሸጣል። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ሳምንት ቢሰነብት፣ ዘመድ ከሌለው፣ በኮባ የተጋገረ ድፎ ሳይቀምስ ሊመለስ ይችላል። ይህ ያሳዝነኛል። ጀርመኖች የዳቦ ዓይነታቸውን እየመዘገቡ ከ3,000 በላይ አድርሰዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የዳቦ ባህላቸውን በአገራቸው የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገብተዋል። እኛ የምንመዘግበው አጥተን አይደለም። እማማን ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ነው ያጣነው።

እዚያው ቆመን እያለ አንዲት ወጣት ነገረችኝ። ከእናቷ ጋር ለሠርግና ለማኅበር ድፎ በትእዛዝ መጋገር ጀምረዋል። በስልክ ነው የሚታዘዙት። ዳቦ ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው በየቀኑ ቢሸጡ ይሻል እንደሆነ እያሰቡ ነው። በሙሉ ልቤ አድርጉት አልኳት። ዋጋ፣ እንጨት፣ ኮባ የሚመጣበት ቦታ፣ ሁሉንም አወራን። የእኛ ትሪ ሲጠራ እንኳ አልሰማሁም፤ የአክስቴ ልጅ ነው ጎትቶ የወሰደኝ።

ማታ በየደጁ ችቦ በራ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ከጠዋት ጀምሮ ጅራፍ ይጮሃል። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ በየግቢው ይገባሉ። ትውፊቱ እንደሚለው ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን ሲገልጥ እረኞቹ ሌሊቱ ቀን መስሏቸው ሜዳ ቀሩ። ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ሙልሙሉ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል።

አሁን ብዙ ቤት ገንዘብ ይሰጣል። ልጆቹም ገንዘብ ይወዳሉ፣ አልፈርድባቸውም። አክስቴ ግን መጀመሪያ ሙልሙል፣ ከዚያ ሳንቲም ነው የምትለው። ለእያንዳንዱ በእጁ ትሰጣለች፣ "እደግ" ትላለች። አንዱ ትንሽ ልጅ ሙልሙሉን ተቀብሎ አፍንጫው ላይ አስጠጋው። ጾም ላይ ነው፤ አልገመጠውም። ሸተተው፣ በሹራቡ ውስጥ ከተተው፣ ጓደኞቹን ተከትሎ ሮጠ። ከሰዓት የቆሎ ተማሪዎች መጡ። ከሩቅ አገር ተነስተው የጎንደርን ትምህርት ፍለጋ የመጡ ልጆች ናቸው። ለእነሱ የቀረው ሁሉ ተሰጠ። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው "ቡሄ ካለ የለም ክረምት" አሉ። ሰማዩ ግን አልሰማቸውም፤ ወዲያው ዘነበ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 14

ነገ በረራ አለኝ። ለሚመጣ ሰው የምነግረው ጥቂት ነገር አለኝ። ዳቦ ቤት ከፈለጋችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ውጡ፣ ጭሱን ተከተሉ። የእንጨት ምድጃ ያለውን ምረጡ። ጋጋሪውን ሰላም በሉት፣ ሥራው ካልበዛበት ያስገባችኋል። በጾም ቀን ከመጣችሁ የጾም ኬክ እንዳያመልጣችሁ። ድፎ ከፈለጋችሁ ግን ምግብ ቤት አትጠይቁ። ያረፋችሁበት ቤት ያሉትን እናት ጠይቁ፣ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት። ሊጡ ማደር አለበት፣ ኮባውም መምጣት አለበት። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በደንብም ክፈሉ። ሙያ ነው።

ወጣቷ ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ። ክፍሏን ከእናቷ ጋር አይተዋታል። ኪራዩ ከብዷቸዋል፣ ግን ለእንቁጣጣሽ ከወዲሁ የድፎ ትእዛዝ ይዘዋል። አክስቴም አንድ አዝዛለች። እሷ ዳቦ ከሰው ስታዝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።